ሁለተኛው በር

ሁለተኛው ሥዕል የተገለበጠ ነበር። ጋረደው ይህን ያወቀው ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሥዕሉ ጠረፍ ላይ ያለችው ገላባት ከደረሰ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ያወቀው ሥዕሉን አይቶ አይደለም፤ ወረቀቱን አይቶ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ለሌላ ሥራ የሚሆን ወረቀት ሲፈልግ ያለፈው ሳምንት ጥቅል እጁ ላይ ተፈታ። በመርፌ የተበሳሳ ትልቅ ወረቀት ነው። የከሰል ዱቄት የተቋጠረበት ጨርቅ ሲመታበት ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ከሥር ባለው ጣውላ ላይ ይጥለዋል። የዚህ ወረቀት አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ንጹሕ መሆን ነበረበት። ጋረደው ገልብጦ አየው። ሁለቱም ፊት ጥቁር ነበር።

የቀለም ቆርቆሮ ደፍቶ ተቀመጠበት።

ጋረደው የሎሪ በር ሠዓሊ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት። የተወለደው ጭልጋ ነው፤ ገዳሪፍ የገባው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በእግሩ ነው። መጀመሪያ ሰሊጥ አጨደ፤ ቀጥሎ ጆንያ ተሸከመ። በሦስተኛው ዓመት ዐወድ የሚባል ሱዳናዊ በር ሠዓሊ ቀለም እንዲበጠብጥለት ቀጠረው። ዐወድ ዐሥራ አንድ ዓመት አስተማረውና ሞተ። ያስተማረው ሁሉ ሲጠቀለል አንድ ነገር ነው፤ ሎሪ ሁለት በር አለው፣ በሁለቱም በር ላይ ያለው እንስሳ ወደፊት መሮጥ አለበት።

በግራው በር ላይ ፈረሱ ወደ ግራ ከሮጠ በቀኙ በር ላይ ወደ ቀኝ መሮጥ አለበት። አለዚያ መኪናው ሲሄድ አንደኛው ፈረስ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሾፌር የለም። ስለዚህ አንዱ ወረቀት ለመጀመሪያው በር በፊቱ፣ ለሁለተኛው በር በጀርባው ይመታል። ጋረደው ይህን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርቶታል። ፈረስ፣ አንበሳ፣ ንስር፣ አንዴም ደንበኛው አጥብቆ ስለጠየቀ አዞ። ስንት በር እንደሣለ አያውቅም። ጥንድ ጥንድ እንደሆኑ ግን ያውቃል። በወረቀት የማያሳልፈው ጽሕፈትን ብቻ ነው፤ ፊደል ስለማይገለበጥ በእጁ ይጽፈዋል። ሰዉ ኡስጣ ይለዋል፤ እዚያ አገር ለእጅ ባለሙያ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነው።

ዙሌካ ወደ ሱቁ የመጣችው በግንቦት መጨረሻ ነበር። የጎንደር ሰው ልጅ ናት፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ገዳሪፍ ጨርቅ ትነግዳለች። ከነጠላዋ ሥር የደብተር ገጽ የምታህል የታተመች ሥዕል አወጣች። መስተዋት ውስጥ ብትሆንም ምስጥ ከአንድ ጥግ ጀምሯታል።

የመቃብር ሥዕል ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ገላባት ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ውጊያ የሞቱት የተቀበሩበት። ቀለም የያዘ አንድ እንግሊዝ ወታደር ጓደኞቹን ቀብሮ ሲያበቃ ሣለው ይባላል። መሐል ለመሐል ኾር ይወርዳል፤ ኾር በጋ የሚደርቅ፣ ክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ከኾሩ በስተግራ ነጫጭ መስቀሎች በአራት ረድፍ ቆመዋል። ከመስቀሎቹ ፈንጠር ብሎ፣ ተበልዲ በሚሉት ሆዳም ዛፍ ሥር፣ ራስጌና ግርጌያቸው ድንጋይ የተተከለባቸው አራት መቃብሮች አሉ። ከበስተኋላ አናቱ የተቆረጠ የሚመስል ኮረብታ። ከኾሩ በስተቀኝ ሣር ብቻ። ሰው የለም። ሰማዩ ቢጫ ነው።

«ከአራቱ አንዱ አያቴ ነው» አለች ዙሌካ። «የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው። ለእንግሊዞቹ በቅሎ ይነዳላቸው ነበር። አባቴ ሲወለዱ እሱ እዚያ ከተኛ ሦስት ወሩ ነው።»

«የትኛው ነው?»

«እሱን ሣዩም አላወቀ።»

አባቷ ሐጂ ዛኪር ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ ብሏል። እሳቸው ደግሞ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ አይተውት ከማያውቁት አባታቸው ጎን መቀበር። መስቀሎቹ ከወደቁ ቆይተዋል። ቦታውን የሚያሳይ ይህ ሥዕል ብቻ ነው የቀረው።

«ሁለት ሥራልኝ» አለች። «በትልቅ ጣውላ። አንዱን አባቴ ከአልጋቸው ሆነው ያዩታል። አንዱን ለወንድሜ እልካለሁ። ቦታውን በሥዕሉ ፈልጎ፣ ድንጋዮቹን አግኝቶ፣ በእሾህ ያጥረዋል። ተገኘ ሲባል ሰምተው ይሙቱ።»

ወንድሟ እስማኤል ልብስ ሰፊ ነው። አምና ጦርነቱ የሚኖርባት ሲንጃ ሲገባ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ወጣ፤ ገላባት ላይ ቆመ። እዚያ ሱቅ ተከራይቶ ይሰፋል። ከሱቁና ከመስጊዱ በቀር አገሩን አያውቀውም።

ጋረደው አንድ ነገር ጠየቃት። «ሾፌሮቹ እዚያ ኾር ጋ ፈንጂ አለ ይላሉ።»

«አለ። ግን አንዲት ግመል ረግጣው የሞተችው በሌላው ዳር ነው፤ እዚህ ሥዕል ላይ ሣር ብቻ ባለበት። በእኛ በኩል ምንም አልተሰማም።»

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«በደብዳቤ እጽፍለታለሁ። ግራ ቀኝ አልለውም፤ ግራ ቀኝ እንደ አቋቋም ነው። መንገዱ ላይ ቆመህ ፊትህን ወደ ኮረብታው አድርግ፣ ከሥዕሉ ጋር አስተያየው፣ ዛፉና መቃብሩ ባለበት በኩል ብቻ ርገጥ፤ በሌላው በኩል እግርህን እንዳታሳርፍ እለዋለሁ። ሥዕሉን ተከተል እለዋለሁ።»

ጋረደው ያን ቀን ይህቺ ሴት ነገር ታውቃለች ብሎ አሰበ።

ሥዕሏን በክር አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ከፍሎ፣ በትልቅ ወረቀት ላይ አሳድጎ ነደፋት፤ ንድፉን በመርፌ በሳ። የመጀመሪያውን ጣውላ በአራት ቀን ጨረሰ። ሥዕሏ ከፊቱ ስለነበረች መስቀል በመስቀል እያየ ነው የቀባው። የሰማዩን ቢጫ ሦስት ጊዜ አበላሸ፤ የሎሪ ቢጫ በጣም ይስቃል። ጥቂት ቡናማ ሲጨምርበት ተስማማ። ዙሌካ በባለሦስት እግሩ ረክሻ መጥታ ያለቀውን ጣውላና የታተመችውን ሥዕል ይዛ ሄደች። ሐጂ ዛኪር በየሰዓቱ አልቆ እንደሆነ ይጠይቃሉ አለች።

እሷ ስትሄድ ሁለተኛውን ጣውላ አጋደመ። ወረቀቱን አነሣ። እጁ ገለበጠው። ሁለተኛ ነውና።

ቀለሙን በቃሉ ቀባ። መስቀል ከዚህም ቢያዩት ከዚያም ያው ነው። ኾሩ መሐል ነው። ኮረብታው ገበታ ይመስላል፤ ግራና ቀኝ የለውም። አንዲት ፊደል ቢኖርበት ኖሮ ያስነቃው ነበር፤ ፊደል የለውም። ሰኞ ጣውላው ከዙሌካ ደብዳቤ ጋር በጆንያ ተጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ ተጫነ። ማክሰኞ ደረሰ።

ሐሙስ ረፋድ ጋረደው ከቆርቆሮው ላይ ተነሥቶ ወደ ዙሌካ ሱቅ ሄደ። አልሮጠም። የሚለውን እያሰበ ሄደ፤ ሲደርስ ያሰበው ሁሉ አልሆነለትም።

«ሁለተኛው ሥዕል ተገልብጧል» አላት።

ዙሌካ ለአንዲት ሴት ጨርቅ በክንዷ ትለካ ነበር። «ምን ማለት ነው? መንገድ ላይ ወድቆ ነው?»

«ግራው ቀኝ ሆኗል። ቀኙ ግራ።»

ክንዷ እንደተዘረጋ ቀረ። «ዛፉ?»

«በቀኝ ነው።»

«መቃብሩስ?»

«እሱም።»

ገዥዋ ሴት አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። ዙሌካ ጨርቁን አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ቀስ ብላ ነው ያጣጠፈችው፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመች።

«የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ነው ብለውኝ ነው ወዳንተ የመጣሁት።»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ደብዳቤዬን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩን ሞከረች። የገላባት ኔትዎርክ ከጠፋ ሳምንቱ ነው፤ እንደጠፋ እያወቀች ሦስት ጊዜ ሞከረች።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚሄደው» አለች። «እንደዚያ ብሎ በሚኒባሱ ሰው ልኮብኛል። እኔ አባቴን ትቼ ብሄድ፣ ስመለስ አላገኛቸውም። አንተ ትሄዳለህ።»

መልሱን አልጠበቀችም። ለገዥዋ ሌላ ጨርቅ አወረደች፤ ክንዷን ለመዘርጋት ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

ቤት ገብቶ ላስቲክ ጫማውን ሲቀይር ሚስቱ ለተትንሳኤ በሩ ላይ ቆመች። የሑመራ አካባቢ ሰው ናት፤ የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ በሐምዳይት በኩል ተሻግራ መጣች። ስለ ኬላ ከሱ በላይ ታውቃለች።

«ወረቀትህ ካለፈበት አራት ወሩ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ኬላ ላይ ማነህ ሲሉህ ምን ልትላቸው ነው?»

«ሠዓሊ ነኝ።»

«እሱን እንኳ ዛሬ አየነው።» ከዚያ ኮዳውን ሞልታ ሰጠችው። «መሬት ስትረግጥ መኪና የሄደበትን እርገጥ። ሣር አትርገጥ። ሽንትህን እንኳ መንገዱ ላይ ሽና።»

የዕለቱ ሚኒባስ ጧት ሄዷል፤ ወደ ገላባት የሚሄድ የቀረው አንድ ሎሪ ብቻ ነበር። የሙዳሲር ነው፤ ለዚያ ሎሪ ነው ጋረደው ጧት ወረቀት ሲፈልግ የነበረው። ሙዳሲር ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። አማርኛው የእናቱ ነው፤ አንቱታ የሚባለው አልተላለፈለትም። የግራው በር ላይ ነጭ ፈረስ ተሥሎ ደርቋል። የቀኙ በር ቀይ መደብ ብቻ ነው።

«ያ ኡስጣ፣ በአንድ ፈረስ ልሂድ?» አለ ሙዳሲር። «ወላሂ መንገዱ እንኳ ይታዘበኛል። ነገ ጨርስልኝና ቅዳሜ እንሄዳለን።»

«ቅዳሜ ሰውዬው የለም።»

«የት ይሄዳል?»

ጋረደው ነገረው። ሙዳሲር ሲሰማ ቆይቶ ቀዩን በር በመዳፉ ነካ፤ ቀለሙ መድረቁን የሚያይ ይመስላል።

«ግመሏ ስትሞት እኔ ነበርኩ» አለ። «እዚያች ቦታ ከዚያ ወዲህ ቆሜ አላውቅም። ውጣ።»

ከገዳሪፍ የወጡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ረቡዕ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ጥቁሩ አፈር አብጧል። የማሽላው መሬት ታርሷል፤ የሚዘራው ሰው ግን አይታይም። ሙዳሲር ብዙ ጊዜ ሲነዳ ይዘፍናል። ያን ቀን አልዘፈነም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ፈረሱ በየትኛው በኩል ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ።

«በአንተ በኩል።»

«እንግዲያው ያንተ ጎን ነው ባዶው» አለና ሳቀ። ጋረደው አልሳቀም።

ኬላው ላይ ሦስት ታጣቂዎች ነበሩ። አንደኛው የጋረደውን ወረቀት አገላብጦ አየና ጊዜው ማለፉን በጣቱ አሳየው።

«ውረድ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሠዓሊ።»

«ምን ትሥላለህ?»

ጋረደው አውርደው ሲያቆሙት የሎሪውን በር አመለከተ። ታጣቂው ፈረሱን አየው፤ ዞሮም ቀዩን በር አየ። «ይኼኛው የት ሄደ?»

«አልደረሰም።»

ታጣቂዎቹ በዚህ ሳቁ። ከዚያ መንገዱን የዘጋውን በርሜል አሳዩት። ቁም የሚለው ጽሕፈት በዝናብና በጥይት ተልጧል። እንዲጽፈው ፈለጉ። ጋረደው ቀይና ነጭ ቀለሙን አውርዶ ተንበረከከ። አንዱን በርሜል ጨርሶ ሲነሣ ሁለተኛውን አንከባለሉለት። ሁለተኛው ሲያልቅ ሦስተኛው መጣ። ስለሚቸኩልበት ነገር ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ ስለ ፈንጂ የሚያወራ ወረቀቱ ያለፈበት የውጭ ሰው ከዚያ ቶሎ አይወጣም። ቀለሙን ሳያንጠባጥብ፣ ፊደሉን ሳያጣምም ጻፈ። ሲለቋቸው ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሽከርከር ክልክል ነው። መንገድ ላይ ባለችው ዶካ አደሩ።

ዓርብ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ጋረደው በልቡ ሰዓቱን ደጋግሞ አሰላው። ጁምዓ የሚያልቀው ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። እነሱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቦታው ይደርሳሉ፤ አልፈው ገላባት ገብተው እስማኤልን ከሱቁ ያገኙታል። ሥዕሉን ይቀበሉታል። ነገሩ እዚያ ያልቃል።

ሙዳሲር ፍሬን ያዘ።

«ያ ኡስጣ፣ ያ ብስክሌት ነው?»

መንገዱ ዳር፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ላይ ተደግፎ የቆመ ብስክሌት ነበር። ከፊት ለፊት ኾሩ አለ፤ መሐሉ ላይ የረቡዑ ዝናብ ያስቀረው ቡናማ ውሃ ይታያል። ከኋላው አናቱ የተቆረጠው ኮረብታ። ጋረደው ቦታውን በእግሩ ረግጦት አያውቅም፤ ግን እያንዳንዱን መስመር በመርፌ በስቶታል። በግራው ዳር ዛፍ አልነበረም። ተበልዲው ወድቆ ግንዱ ሣር ውስጥ ተጋድሟል። በቀኙ ዳር ግን ሌላ ተበልዲ ቆሟል፤ ወታደሩ ሲሥል ወይ አልበቀለም፣ ወይ ለመሣል የማይበቃ ችግኝ ነበር። አሁን ትልቅ ነው። የተገለበጠውን ሥዕል ይዞ እዚህ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ነገሩ ሁሉ ልክ ነበር።

ከዛፉ ሥር ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው አጎንብሶ በመቆፈሪያ መሬት ይጭራል። ጣውላው ግንዱ ላይ ተደግፏል።

ሙዳሲር እጁን ወደ ጥሩምባው ሰደደ። ጋረደው ክንዱን ያዘው።

«ከደነገጠ ይሮጣል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ሞተሩን አጥፋ።»

ጋረደው ወርዶ እስከ ኾሩ አፋፍ ድረስ መኪና በሄደበት ላይ ተራመደ። ከሰውዬው ጋር መቶ እርምጃ ያህል ይራራቃሉ። እዚያው ቁጢጥ አለ። ቁጢጥ ያለ ሰው አያስደነግጥም ብሎ ነው።

«እስማኤል» አለ፣ ሱቅ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው። «ሰላም አለይኩም።»

እስማኤል ቀና አለ። ጢሙ የሸበተ፣ ቀጭን፣ በአንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ያንጠለጠለ ሰው ነው። «ወአለይኩም ሰላም። ማነህ?»

«ጋረደው እባላለሁ። ሥዕሉን የሣልኩት። እህትህ ናት የላከችኝ። አባትህ ደኅና ናቸው። አንድ ነገር ልንገርህ ነውና ካለህበት አትነቃነቅ።»

«ና ወደዚህ። አገኘሁት።» ፊቱ በርቷል። «ሁለቱን ድንጋዮች አገኘሁ፣ ራስጌና ግርጌውን። በሜትር ለካሁት፤ ልክ የሰው ቁመት ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ብዬ በጧት መጣሁ።»

«እስማኤል፣ እግርህን አታንሣ። ሥዕሉን ገልብጬ ነው የሣልኩት። መቃብሩ ወዲያ ማዶ ነው። አንተ የቆምክበት ሌላኛው ዳር ነው።»

እስማኤል ወደ ጣውላው ዞረ። ከጣውላው ወደ ማዶው ዳር አየ። ከዚያ እግሮቹን አየ። መቆፈሪያውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ፤ መሬት ላይ ሊያስቀምጠው ፈራ።

«ስንት ጊዜ ቆፍሬያለሁ መሰለህ?» አለ። ድምፁ ከፊተኛው ቀንሷል።

«ተወው። ወደ ኋላህ እይ። ስትመጣ የረገጥከው ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

ይታይ ነበር። የረቡዑ ዝናብ ጥቁሩን አፈር አለስልሶታል፤ የእስማኤል ሸበጥ ከኾሩ እስከ ዛፉ አንድ በአንድ ታትሟል። ጋረደው ከአፋፉ ሆኖ ሲያየው ወረቀት ላይ የተበሳ መስመር መሰለው።

«ነጥቡን ተከተል» አለው። «በመጣህበት ዱካ ላይ ብቻ። አትቸኩል። በሁለት ነጥብ መሐል መሬት የለም ብለህ አስብ።»

እስማኤል መቆፈሪያውን ግንዱ ላይ ቀስ ብሎ አስደገፈ። ከዚያ ጣውላውን አነሣ።

«እሱን ተወው!» አለ ሙዳሲር ከመንገዱ ላይ።

«የአባቴ ነው» አለ እስማኤል።

«የአባትህ ገዳሪፍ ነው ያለው፤ ይኼ ውሸቱ ነው» አለ ጋረደው። «ጣለው።»

አልጣለውም። በብብቱ ሥር ይዞት መጣ። ጣውላው እግሩን ስለሚጋርድበት በየእርምጃው አንገቱን ያሰግጋል። አንድ እግር። ሌላ እግር። ግማሽ ሲደርስ ቆመና ጣውላውን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። ሙዳሲር ፊቱን ወደ ሎሪው አዞረ፤ የተሣለበት በር በኩል ነበር የዞረው።

ኾሩ አጠገብ ሲደርስ አፈሩ አለቀ። ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ ዱካ የለም።

«እዚህ ነጥብ የለም» አለ እስማኤል።

ጋረደው ጠጠሩን አየው። የሚያየው ነገር አልነበረም። «ስትመጣ በየት ረገጥክ?»

«አላስታውስም። ሥዕሉን እያየሁ ነበር።»

ውሃው ውስጥ እንቁራሪት ይጮኻል። እስማኤል የሜትሩን ጫፍ አንገቱ ላይ በጣቱ እያሻሸ ቆየ። ከዚያ ጀለቢያውን አጥብቆ ሰበሰበ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ እየረገጠ መጣ። አልሮጠም፣ አልመረጠም። ሰባት እርምጃ ነው። ጋረደው ቆጥሮታል።

ምንም አልሆነም።

እስማኤል አፋፉ ላይ ወጥቶ ጣውላውን አስቀመጠና ተቀመጠ። ሙዳሲር ውሃ ሰጠው።

«እንዴት ነው ሥዕል የሚገለበጠው?» ብሎ ጠየቀ እስማኤል በመጨረሻ።

ጋረደው ስለ ሁለቱ በሮች ነገረው። ፈረሱንም አሳየው። እስማኤል ፈረሱን ከእግሩ እስከ ጆሮው አየው።

«እኔ የመኪና በር ነኝ?» አለ።

ጋረደው ፈረሱ ላይ ያረፈውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

ከዚያ ሦስቱም ወደ ግራው ዳር አዩ። የወደቀው ግንድ፣ ሣሩ፣ ከሣሩ መሐል አንድ ሁለት ቦታ ብቅ ያለ ነጭ ነገር፤ ድንጋይም ይሆናል፣ አጥንትም ይሆናል። ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

«ያኛው ንጹሕ ነው ያለው ማነው?» አለ ሙዳሲር።

«እህቴ።»

«ለሷስ ማን ነገራት?»

«ሾፌሮች።»

«ሾፌር እኔ ነኝ» አለ ሙዳሲር። «እኔ ግመል በዚህ በኩል ሞተች ነው ያልኩት። በዚያ በኩል ማንም ስላልሄደ ማንም አልሞተም።»

ከሦስቱም ማንም ወደዚያ አልሄደም።

ጋረደው ቀዩን ቀለምና ወፍራሙን ብሩሽ ከሎሪው አወረደ። ጣውላውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ በቢጫው ሰማይ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈንጂ ብሎ ጻፈ፤ በላይ በዐረብኛ፣ በታች በአማርኛ። ፊደሉ የሰማዩን ግማሽ ሞላው። ከሥሩ መስቀሎቹና አራቱ መቃብሮች እንዳሉ ቀሩ። ሙዳሲር ከመሣሪያ ሣጥኑ ምስማር አመጣ። መንገዱ ዳር፣ ከኾሩ በስተቀኝ ባለች ግራር ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርገው መቱት። ከመንገዱ ለሚያየው ሰው ሥዕሉ በትክክል ከግራሯ ኋላ ያለውን ቦታ ያሳይ ነበር። ኾሩ፣ ኮረብታው፣ ዛፉ፣ በዛፉ በኩል መቃብር።

ሐጂ ዛኪር እሑድ ጧት ሞቱ። ገዳሪፍ ተቀበሩ። ዙሌካ ይህን ለጋረደው የነገረችው ከሳምንት በኋላ በሱቁ ደጃፍ ስታልፍ ነው። አልገባችም።

«ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለችው። «ተገኘ አልኳቸው። ሥዕሉን እያዩ ነበር።»

«የትኛው መቃብር ነው አላሉሽም?»

«አልጠየቁኝም። አንተም አትጠይቀኝ።»

የሙዳሲር ሎሪ ቀኝ በር ያን ሳምንት ተሣለ። ጋረደው ወረቀቱን ከመገልበጡ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ የመኪናውን አፍንጫ አየ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር። አሁን ሁልጊዜ ያደርገዋል፤ ደንበኞቹ እርጅና ነው ይላሉ።

በነሐሴ መጀመሪያ ሙዳሲር ከገላባት ተመልሶ ሱቁ በር ላይ አቆመ። አልወረደም፤ በመስኮቱ ነው ያወራው።

«ጣውላህ የለም» አለ።

«ነፋስ ነው?»

«ምስማሮቹ አሉ። ሰው ነው። ማገዶ ይሁን፣ በር ይሁን፣ አላህ ይወቅ። መንገደኛው በዝቷል፤ የዚያ ዛፍ ጥላ ያጓጓቸዋል። ሣሩም ወገብ ደርሷል።»

ጋረደው ራሱን ነቀነቀ። ሎሪው ሲሄድ ወደ ውስጥ ገባ። የቀረውን አንድ ጣውላ ከግድግዳው አውርዶ አጋደመው። ከጣሪያው ሥር የተበሳሳውን ወረቀት አወጣ። ሁለቱንም ፊት በብርሃን አየ፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። መንገዱ ላይ የቆመ መስሎ፣ ፊቱን ወደ ኮረብታው አድርጎ፣ ትንሽ ጊዜ እጁን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አመለከተ።

ከዚያ ዛፉ በቀኝ እንዲወጣ ወረቀቱን ገልብጦ በፊቱ ደፍቶ አነጠፈው። የከሰሉን ቋጠሮ አነሣና መምታት ጀመረ።